የሃይሉክሱ ዋን ኬዲ ሞተር፦ ሳትገዙ በፊት ኖዝሉን እዩ

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ጭኖ የወጣ ሰው ይህን የቶዮታ ሃይሉክስ ሞተር ለምን እንደምወደው ይገባዋል። 2,982 ሲሲ፣ ባለ 4 ሲሊንደር፣ ኮመን ሬይል (ነዳጁ በከፍተኛ ግፊት ከአንድ የጋራ ቱቦ ለሁሉም ሲሊንደር የሚከፋፈልበት) ናፍጣ ነው። 343 ኒውተን ሜትር የሚሰጠው ሞዴል ጉልበቱን ገና ከ1,400 ዙር ስለሚያገኝ፣ ከኮምቦልቻ ደሴ ስትወጡ ኩርባው ላይ ከከባድ መኪና ኋላ ተይዛችሁ ብትቀዘቅዙም፣ ነዳጅ ስትረግጡ ሳያቃስት ይነሳል። ጉልበቱ በእውነት ያረካል።

ችግሩ ኖዝሉ (ነዳጅ ወደ ሲሊንደሩ የሚረጨው) ሥር ያለችው ትንሽዬ የመዳብ ሮንዴላ፣ ማለትም ማሸጊያ ቀለበት ናት። እሷ ማሳለፍ ከጀመረች የተቃጠለው ጋዝ ወደ ሞተር ዘይቱ ይገባል፣ ዘይቱ ይወፍራል፣ ጥላሸቱ ታች ያለችውን የዘይት መሳቢያ ወንፊት ይደፍናል፣ ከዚያ ዘይት ያጣው ቱርቦና ኩሽኔታ (የዘንጉ መሸከሚያ) ይበላል፤ ሞተሩ እስከ መንከስ፣ ማለትም ተጣብቆ እስከ መቆም ይደርሳል። እኔ ያየኋት ወንፊት ሬንጅ የተቀባች ነበር የምትመስለው።

ስለዚህ ያገለገለ ልትገዙ ከሆነ ጠዋት፣ በደሴ ብርድ፣ ሳይሞቅ አስነሱት። ጠንከር ያለ ኳኳታ ካለው ኖዝሎቹ ይፈተሹ። የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍታችሁ ውስጡን በባትሪ እዩ፤ የደረቀ ጥቁር ጥላሸት ካለ ዋጋ አትነጋገሩ፣ መጀመሪያ ወንፊቱ ይታይ። ታይሚንግ ቤልቱም (የሞተሩን ቫልቮች ከፒስተኖቹ ጋር የሚያናብበው ቀበቶ) በ150,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል። «ተቀይሯል» ቢሏችሁ ደረሰኝ ጠይቁ።