ባለ 2 ቴራባይት ኤክስተርናል ዲስክ ከ14 ወር በኋላ፦ ዲስኩ ጠንካራ፣ ገመዱ ደካማ

ዕቃው 2.5 ኢንች፣ ባለ 2 ቴራባይት፣ የራሱ ቻርጀር የሌለው፣ ዳታውንም ኤሌክትሪኩንም በአንድ የዩኤስቢ 3.0 ገመድ የሚወስድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ነው። 14 ወር ሠርቷል፤ ዋና ሥራው የፎቶና የቪዲዮ መጠባበቂያ መያዝ ነው። ስለ ፍጥነቱ ብዙ የሚባል የለም። በደቂቃ 5,400 ዙር ከሚሽከረከር ዲስክ የሚጠበቀውን ይሰጣል፦ ባዶ ሳለ በሰከንድ 130 ሜጋባይት አካባቢ፣ እየሞላ ሲሄድ ወደ 70 ይወርዳል። መውረዱ ብልሽት አይደለም፤ ዳታው የሚጻፍበት የክቡ ሳህን ዳር በአንድ ዙር ከመሃሉ የበለጠ ዳታ ስለሚይዝ ነው። ሙቀቱም፣ ድምፁም፣ ሽፋኑም ደህና ናቸው።

ቅሬታው አንድ ቦታ ላይ ነው፦ ኤሌክትሪኩ። አብሮት የመጣው ገመድ ለዚህ ዲስክ አይመጥንም፤ "ዲስኬ ሞተ" ከሚያሰኙት ምልክቶች ብዙዎቹም ከዚያው ይመነጫሉ።

ስንት ይበላል?

በደንቡ የዩኤስቢ 2.0 ፖርት በ5 ቮልት እስከ 500 ሚሊአምፔር፣ የዩኤስቢ 3.0 ፖርት ደግሞ እስከ 900 ሚሊአምፔር ይሰጣል። ይህ ዲስክ በዩኤስቢ መለኪያ ሲታይ፣ በሥራ ላይ ከ450 እስከ 600 ሚሊአምፔር ይወስዳል፤ ሥራ ሲፈታ ከ200 በታች ይወርዳል። አስቸጋሪው አነሳሱ ነው። ሞተሩ ከቆመበት ተነስቶ ሙሉ ፍጥነቱን እስኪይዝ ድረስ ለሦስት ለአራት ሰከንድ ፍጆታው ወደ 1 አምፔር ይጠጋል። አብዛኞቹ ላፕቶፖች ለአጭር ጊዜ ስለሚታገሡ ነገሩ አይታወቅም። የቴሌቪዥን፣ የዲሽ ሪሲቨርና የራውተር ፖርት ግን ብዙ ጊዜ ይህን ያህል አቅም የላቸውም፤ እዚያ ሲሰካ የዲስኩ መብራት ይበራል እንጂ ሞተሩ አይነሳም። የዴስክቶፕ የፊት ፖርትም ከማዘርቦርዱ የሚመጣለት በቀጭን ረጅም ሽቦ ስለሆነ ከኋላው ፖርት ይደክማል።

ከዚያ ገመዱ አለ። ብዙዎቹ ርካሽ ገመዶች ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ሽቦ ቁጥር 28 ነው፤ አንዳንዴ ላስቲኩ ላይ ታትሞ ይገኛል፣ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ሽቦው ይቀጥናል። ቁጥር 28 መዳብ በሜትር 0.21 ኦህም ያህል ይቃወማል፤ ኤሌክትሪክ ሄዶ ስለሚመለስ የ1 ሜትር ገመድ 0.43 ኦህም ሆነ ማለት ነው። በ900 ሚሊአምፔር ሲባዛ ወደ 0.4 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ፖርቱ 4.9 ቮልት ቢያወጣ ዲስኩ ጋ የሚደርሰው 4.5 ነው፤ የፖርቱና የሶኬቱ ልልነት ሲታከልበት ደግሞ ከዚያም ያንሳል። በቁጥር 24 ሽቦ የተሠራ የ30 ሳንቲሜትር ገመድ ግን በዚሁ ጭነት የሚያስቀረው 0.05 ቮልት እንኳ አይሞላም። ከ14 ወሩ ትምህርት ትልቁ ይህ ስሌት ነው፤ የገመዱ ዋጋ ከዲስኩ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም።

ገመዱ ዲስኩ ላይ የሚሰካበትን ጫፍ ቀረብ ብላችሁ እዩት። ሰፋ ያለ፣ መሃሉ ላይ የተቆረጠ የሚመስል፣ ሁለት ክፍል ያለው ነው። ሰፊው ክፍል የድሮው ማይክሮ ዩኤስቢ ነው፤ 5 መስመር አለው፣ ኤሌክትሪኩም የሚገባው በእሱ ነው። ጠባቡ ሌላ 5 መስመር ይዞ የዩኤስቢ 3.0ን ፍጥነት ያመጣል። በሰካ ነቀል ብዛት መጀመሪያ የሚላላው ብዙ ጊዜ ይህ ጫፍ ነው። ጠባቡ ክፍል ሳይነካ ሲቀር ዲስኩ አይጠፋም፤ ዝም ብሎ ወደ ዩኤስቢ 2.0 ይወርድና ኮፒው በሰከንድ 35 ወይም 40 ሜጋባይት ላይ ይተኛል። 130 ይሄድ የነበረ ዲስክ አንድ ቀን 38 ላይ ከቆመ ቫይረስ አትፈልጉ፣ ገመዱን ነቅላችሁ እዩት። በኢሶፕሮፒል አልኮል ጥርጊያ አንዳንዴ ይሻለዋል፤ ሲነካ የሚወዛወዝ ከሆነ ግን ገመዱ ይቀየር።

ሲበላሽ ምን ይሰማል?

በዊንዶውስ ላይ የመሰካት ድምፅ ተሰምቶ ወዲያው የመነቀል ድምፅ ከተከተለ፣ እንደገናም ከተደጋገመ፣ ሞተሩ ለመነሳት ሞክሮ ቮልቱ ወድቆበት እየቀረ ነው። ጠቅ... ጠቅ... የሚል እኩል ልዩነት ያለው ድምፅ ሁለት ትርጉም አለው፦ ወይ ኃይል አንሶት ሄዱ (ዳታውን የሚያነብና የሚጽፈው ክፍል) ከማረፊያው ወጥቶ እየተመለሰ ነው፣ ወይ ሄዱ ራሱ ተጎድቷል። ቀጭን የጩኸት ድምፅ፣ እንደ ፉጨት ያለ፣ ሞተሩ መዞር ሲያቅተው የሚያወጣው ነው። እሱም ወይ ከኃይል ማነስ ነው፣ ወይ ሄዱ ሳህኑ ላይ ተጣብቆ። ሁለቱን የሚለየው በጥሩ ኃይልና በአጭር ገመድ አንድ ጊዜ መሞከር ነው። ድምፁ ከቀረ ጥፋቱ የኤሌክትሪኩ ነበር። ካልቀረ ወዲያው ይነቀል፤ ከዚያ በኋላ ያለው እያንዳንዱ ሙከራ ሳህኑን ሊፍቅ ይችላል።

ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ የሚባለውን ምክር እርሱት። ሲወጣ የሚያልበው እርጥበት ሳህኑ ላይ ያርፋል።

ኃይል ማነስ የሚመስል ግን ያልሆነ ነገርም አለ። ዲስኩ ሲሰካ በደንብ ተነስቶ፣ ሥራ ፈትቶ ከቆየ በኋላ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ዊንዶውስ ኃይል ለመቆጠብ ፖርቱን እያስተኛው ነው። ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ "ዩኤስቢ ሰሌክቲቭ ሰስፔንድ" የሚለውን ማጥፋት፣ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ደግሞ የዩኤስቢ ሩት ሀቡን ከፍቶ ፓወር ማኔጅመንት ስር ያለውን ምልክት ማንሳት ይበቃል። ለመለየት ይህን ያዙ፦ ሲነሳ ወይም ትልቅ ፋይል ሲጻፍ ከጠፋ ኃይሉ፤ ቁጭ ብሎ ሳለ ከጠፋ ሴቲንጉ።

የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ፣ ኢቨንት ቪወርም፣ ይረዳል። ከዲስክ የመጣ ቁጥር 157 ዲስኩ ሳይታሰብ መነቀሉን፣ 153 ትእዛዙ መደገሙን፣ 7 መጥፎ ሴክተር (የማይነበብ ትንሽ የሳህኑ ክፍል) መገኘቱን፣ ኤንቲኤፍኤስ ከሚባለው የዊንዶውስ ፋይል ሲስተም የመጣ 55 ደግሞ የፋይል መዋቅሩ መበላሸቱን ይናገራሉ። 157 ተደጋግሞ 7 አንድም ጊዜ ከሌለ ተስፋው ብዙ ነው።

"ፎርማት ይደረግ?" ሲል

ኮፒ በመሃል ተቋርጦ፣ ዲስኩ እንደገና ሲሰካ "ከመጠቀምዎ በፊት ዲስኩን ፎርማት ማድረግ አለብዎት" የሚለው ሳጥን ይመጣል። ካንስል ማለት ብቻ ነው። ዳታው አብዛኛውን ጊዜ እንዳለ ነው፤ የተበላሸው ማውጫው ነው። ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ መጠኑ ልክ ሆኖ "ሮው" (ዊንዶውስ ፎርማቱን አላወቀውም ማለት ነው) ከተባለ የሶፍትዌር ሥራ ነው። መጠኑ ዜሮ ከሆነ ወይም "ኢኒሻላይዝ አድርግ" ከጠየቀ ወደ ኃይሉና ወደ ዲስኩ ኤሌክትሮኒክ ቦርድ መመለስ ነው፤ ኢኒሻላይዝን እሺ አትበሉት።

ከዚያ በፊት ግን ኃይሉ ይስተካከል። በቅደም ተከተል፦ የኋላ ፖርት፣ አጭር ገመድ፣ ከዚያ የራሱ አዳፕተር ያለው ሀብ (ብዙ ፖርት ያለው የዩኤስቢ ማከፋፈያ)፣ ቢያንስ 5 ቮልት 3 አምፔር የሆነ። ሀቡ በሌለበት በኮምፒውተሩ በኩል ሁለት ጫፍ፣ አንዱ ለኃይል ሌላው ለዳታ፣ ያለው ገመድ ይሠራል፤ መጀመሪያ የኃይሉን ጫፍ፣ ቀጥሎ የዳታውን ስኩ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ እያለ በሀቡ ምክንያት የኪቦርድ መብራት የሚበራ ከሆነ ሀቡ ኤሌክትሪክ ወደ ኋላ እየላከ ነውና አስወግዱት። ፖርቱ ራሱ ድንገት ከሞተ ደግሞ አትደንግጡ፤ ብዙ ማዘርቦርዶች ላይ ሲግል የሚዘጋና ሲበርድ የሚመለስ ፊውዝ አለ፣ ሁሉን ነቅሎ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ነው።

ዲስኩ ከተነሳ በኋላ መጀመሪያ የሚነበበው ኤስማርት፣ ዲስኩ ስለ ጤንነቱ ራሱ የሚይዘው መዝገብ፣ ነው። መዝገቡን በሚያሳየው ክሪስታልዲስክኢንፎ በሚባል ፕሮግራም ቁጥሮቹ መጀመሪያ በአስራ ስድስት መሠረት ስለሚታዩ ከአድቫንስድ ፊቸር ስር ወደ አስር መሠረት ቀይሯቸው፤ አለበለዚያ 3ዲ የሚለው 61 መሆኑ ያምታታል። የተበላሹና የተጠረጠሩ ሴክተሮችን የሚቆጥሩት ተራ ቁጥር 5፣ 197 እና 198 ዜሮ ከሆኑ ሳህኑ ደህና ይመስላል። 199 እየጨመረ ከሄደ በመስመሩ ላይ የዳታ ስህተት አለ ማለት ነው። ሰው የማያየው 192 ግን የዚህ ጉዳይ እውነተኛ ምስክር ነው፦ በብዙ ዲስኮች ላይ ኃይል በድንገት ተቋርጦ ሄዱ በአስቸኳይ የተመለሰበትን ጊዜ ይቆጥራል። ሄዱ ያለ ኤሌክትሪክ እንዴት እንደሚመለስ ራሱ ያስገርማል፤ ሳህኑ በጉልበቱ ገና እየዞረ ስለሆነ ሞተሩ ለቅጽበት ጄነሬተር ይሆንና ሄዱን ወደ ማረፊያው ይገፋዋል። የዕለት ተዕለት መንገዱ ግን አይደለም፣ ሄዱንም ያደክማል።

197 ዜሮ ከሆነ፣ አስፈላጊውን መጀመሪያ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ፣ ከዚያ የዊንዶውስን የዲስክ መፈተሻ፣ ቼክዲስክን፣ መጀመሪያ ያለ ምንም ትእዛዝ አሂዱት፤ እንዲህ ሲሆን የሚያየውን ይነግራችኋል እንጂ አይነካም። ቀጥሎ "/f" ታክሎበት ይጠገናል። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ሰው ፋይሎቹን ስማቸው ጠፍቶ "ፋውንድ" በሚባል ፎልደር ውስጥ ሊያገኛቸው ይችላል። ሮው ሆኖ ከቀረ ቴስትዲስክ የሚባለው ፕሮግራም ማውጫውን ይፈልጋል፤ እሱ ካቃተው ፎቶሬክ ፋይሎቹን ያለ ስማቸው ያወጣል። 197 ከዜሮ በላይ ከሆነ ግን ቼክዲስክ አይነካው፤ በሊኑክስ ዲዲሬስኪው በሚባል ፕሮግራም ሙሉ ምስሉ (የዲስኩ ትክክለኛ ቅጂ) ይወሰድና ጥገናው በምስሉ ላይ ይሠራ።

ዲስኩ ፎርማት የተደረገበት ዓይነትም ለውጥ አለው። ኤክስፋት በማክም በዊንዶውስም ስለሚሠራ ይመረጣል፣ ግን ጆርናል (የተጀመረ ለውጥ አስቀድሞ የሚመዘገብበት) የለውም፤ ኃይል መሃል ላይ ሲቋረጥ ከኤንቲኤፍኤስ ይልቅ እሱ ይጎዳል። ዲስኩ በዊንዶውስ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ኤንቲኤፍኤስ ይሻላል። ዊንዶውስ 10 ከ1809 እትም ወዲህ ያለ "ሴፍሊ ሪሙቭ" መንቀልን ቢያቀልም፣ ዲስኩ የራሱ ካሽ (ጊዜያዊ ማቆያ) አለውና ያልተጻፈ ነገር እዚያ ሊቀር ይችላል።

ጨርሶ ዝም ካለ

መብራትም ድምፅም ከሌለ፣ ከ5 ቮልት በላይ የሆነ ነገር ገብቶበት ሊሆን ይችላል፤ ለምሳሌ ከተበላሸ የሀብ አዳፕተር። ያኔ ቦርዱ ላይ ያለች ትንሽ መከላከያ ዳዮድ ራሷን ሾርት አድርጋ ዲስኩን አድናው ይሆናል። በቴስተር የሚለካ ባለሙያ ዳዮዷን አውጥቶ በትክክለኛ 5 ቮልት ለአንድ ጊዜ ኮፒ ሊያስነሳው ይችላል። ቦርዱን ከተመሳሳይ ዲስክ ቀይሮ መገጣጠም ግን አይሠራም፤ የዲስኩ የራሱ ማስተካከያ ያለበት ሮም ቺፕ አብሮ መዛወር አለበት። ሌላም አለ፦ ብዙ የዚህ ዓይነት ዲስኮች ዩኤስቢው ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ ውስጡ ሳታ (ዲስክ በቀጥታ ከኮምፒውተር የሚገናኝበት መደበኛ ሶኬት) የለም፤ ሳታ ያላቸውም አንዳንዶቹ ዳታውን በመሸጋገሪያው ቺፕ ስለሚመሰጥሩት ዲስኩ ብቻውን ሲሰካ የሚነበብ ነገር አይወጣም። ከመግዛታችሁ በፊት የሚጠየቀው ይህ ነው፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ፍጥነት አይደለም።

መብራት በሚመላለስበት ቤት ወይም ሱቅ ዩፒኤስ በሌለው ዴስክቶፕ ላይ ትልቅ ኮፒ አታስጀምሩ። ባትሪው ደህና የሆነ ላፕቶፕ ራሱ ዩፒኤስ ነው። ስታብላይዘር ቮልቱን ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲጠፋ አይይዝም። ከጠፋ በኋላም ዲስኩን ነቅላችሁ፣ መብራቱ ተመልሶ ትንሽ ከቆየ በኋላ ስኩት።

ይህ ዲስክ በ9ኛው ወር ላይ 30 ሳንቲሜትር ገመድና አዳፕተር ያለው ሀብ አገኘ። ያኔ 192 ላይ 61 ይል ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሉት 5 ወራት የጨመረው 2 ብቻ ነው፤ ሁለቱም ጊዜ መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ቀጥሎ፣ ሀቡ ግን ከግድግዳው ጋር አብሮ የጠፋበት ነው። አሁን የቀረው ወጪ ለሀቡ አዳፕተር ትንሽ ዩፒኤስ ነው።