ለካምፒንግ ማገዶ፦ ሱሉልታ መንገድ ላይ ያለችው እንጨት ግቢ

በጓደኞቼ መሀል የማገዶ ሚኒስትር የምባለው እኔ ነኝ። ድንኳን የሚያመጣ አለ፣ ሥጋ የሚያመጣ አለ፣ ጊታር ብቻ ይዞ የሚመጣም አይጠፋም። እንጨቱ ግን ሁሌም የሚጣለው እኔ ላይ ነው። ስለዚህ በአዲሱ ገበያ በኩል ወጥቶ ወደ ሱሉልታ በሚወስደው መንገድ ያሉትን እንጨት ሻጮች ጠንቅቄ አውቃቸዋለሁ። ዛሬ የምጽፈው ስለ አንዷ ግቢ ነው። ፍርዴን ቀድሜ ልንገራችሁ፦ ዋጋዋ ውድ ነው፣ ደረሰኝ የላትም፣ "እናደርስላችኋለን" ሲሏችሁም አትመኑ። እንጨቷ ግን ደረቅ ነው። ለዚህ ስል ሌላውን ሁሉ እችለዋለሁ።

ግቢዋ ስምም ታፔላም የላትም። የእንጦጦን ዳገት ጨርሳችሁ ወደ ሱሉልታ ሜዳ ስትወርዱ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብላ በቆርቆሮ የታጠረች ናት። ከአጥሩ በላይ የተከመረ ፍልጥ ስለሚታይ አትስቷትም። ባለቤቷ ትልቅ ሴት ናቸው። ሁሉም እማማ ይሏቸዋል፣ እኔም እንደዚያው። ከፈላጮቹ ጋር በኦሮምኛ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ፣ ከልጃቸው ጋር ደግሞ በቁጣ ነው የሚያወሩት።

ሌላ ቦታ ገና ከመኪና ሳትወርዱ "ስንት እስር ላድርግልህ?" ይሏችኋል። እማማ መጀመሪያ የሚጠይቁት ሌላ ነው።

"ልጄ፣ ልታበስሉበት ነው ልትሞቁበት?"

ጥያቄው ቀላል ይመስላል እንጂ ሂሳቡ ሁሉ እሱ ላይ ነው። ለማብሰል ከሆነ ቀጠን ያለ፣ ቶሎ ነዶ ቶሎ ፍም የሚሆን ያወጣሉ። ለመሞቅ ከሆነ ወፍራሙን። ቀጥሎ ስንት ሰው እንደሆናችሁ፣ እስከ ስንት ሰዓት እንደምትቆዩ፣ ልጆች እንዳሉ ይጠይቃሉ። እኛ ሃያ ሰው ነን፣ ጥብስ እንጠብሳለን፣ ድንች እንቀብራለን፣ ከዚያ እስከ እኩለ ሌሊት ተቀምጠን እናወራለን አልኳቸው። "አንድ ኩንታል" አሉ። ግማሹ ክንድ የሚያህል፣ ግማሹ ወፈር ያለ፣ ከላዩ አንድ ጆንያ ጭራሮ። ደንግጬ ነበር፤ መቶ ኪሎ እንጨት ለአንድ ማታ! "ሱሉልታ ነው እኮ የምታድረው" ብለው ሳቁብኝ። እውነታቸውን ነው። እሳቱ እስከ መጨረሻው ሞቆን፣ ለጠዋት ቡና የሚሆን ብቻ ተረፈ።

ወጥ ወይም ቅቅል ካሰባችሁ ደግሞ ጨምሩበት። ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ስለምትል ውሃ የሚፈላው በ91 ወይም በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የፈላ ውሃ ሁሉ እኩል አያበስልም። እማማ ቴርሞሜትር የላቸውም፣ ግን "እዚህ ሥጋ ቶሎ አይበስልም፣ እንጨት ጨምር" ሲሉ የሚናገሩት ይኸንኑ ነው። እኔ ድንቹን ረመጥ ውስጥ መቅበር ይሻለኛል። ውሃም አይፈልግም፣ ድስትም አይፈልግም።

አሁን ወደ ድርቀቱ። ገና የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። እሳታችሁ መጀመሪያ ያንን ውሃ ሲያተን ያመሻል፤ እናንተ ደግሞ ጭሱን ትጠጣላችሁ። በኪሎ ከገዛችሁት ደግሞ ለውሃ ከፈላችሁ ማለት ነው። የእኛ ሰው ካምፒንግ የሚያምረው ክረምቱ እንደወጣ፣ ጥቅምት ላይ፣ ሰማዩ ሲጠራ ነው። እንጨት ደግሞ ከሰኔ ጀምሮ ሲዘንብበት ከርሞ ገና ያልደረቀው ያኔ ነው። አንዴ ከመንገድ ዳር የገዛነው እስር ከላይ ዙሪያውን ደረቅ ፍልጥ፣ መሀሉ ላይ ግን በዚያው ሳምንት የተቆረጠ ነበር። ሲባጎው እስኪፈታ ማንም አያውቅም። ጥብሱ ቅቅል ሆኖ ወጣ፣ የሁላችንም ዓይን ለቅሶ ቤት የዋልን ይመስል ነበር።

እማማ ግቢ እንጨቱ ሜዳ ላይ አይጣልም። ከላይ ቆርቆሮ አለ፣ ጎንና ጎኑ ክፍት ነው፣ ንፋስ ይገባል። ከሥር አግዳሚ ተነጥፎ ፍልጡ ከመሬት ከፍ ብሎ ይደረደራል። ዘንድሮ ጥቅምት ላይ የሚሸጡት አምና በጋ ተፈልጦ ያደረውን ነው። ስጠራጠር አይተው ሁለት ፍልጥ አነሱና አጋጩት። "ቃ!" አለ፣ ጥርት ብሎ። ከዚያ ጥግ ላይ ከተከመረው አዲስ ገቢ ሁለት አምጥተው ያንኑ አደረጉ። "ዱፍ።" ቀጠሉና የደረቁን ጫፍ አፍንጫዬ ሥር አስጠጉት። ከመሀሉ ወደ ዳር የሄዱ ስንጥቆች አሉት። ቅርፊቱን በጥፍራቸው ሲነኩት ተላጠ። "ጫፉ ካልተሰነጠቀ ከእኔም ቢሆን አትግዛ" አሉኝ። እንዲህ የሚል ነጋዴ ብዙ አላጋጠመኝም።

የሚሸጡት ባሕር ዛፍ ብቻ ነው። ይህ የሚያስከፋው ሰው አለ፣ እኔን አያስከፋኝም። አዲስ አበባ እዚሁ የቀረችው በባሕር ዛፍ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። በምኒልክ ጊዜ የእንጦጦ ዙሪያ ደን ለማገዶና ለቤት እያለ ሲያልቅ፣ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣው ዛፍ ቶሎ አደገ፣ ሲቆርጡትም ከጉቶው አቆጠቆጠ፣ ከተማዋም ባለችበት ጸናች። መሬት ያደርቃል የሚለው ወቀሳ እንዳለ ሆኖ ማለቴ ነው።

አንዱ ጓደኛችን "ጥድ የለም እንዴ? ሽታው ደስ ይላል" ብሎ ጠየቀ። እማማ ገልመጥ አደረጉት። "የለም። ቢኖርም አልሸጥልህም።" ልክ ናቸው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ጥድን፣ ዝግባን፣ ኮሶንና ዋንዛን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር፤ መንገድ ዳር የሚሸጥ ጥድ ደግሞ ከየት እንደመጣ ማንም አይነግራችሁም። ሕጉን ብንተወው እንኳ ጥድ ይፈነጥቃል። አንዲት ፍንጣሪ የናይለን ድንኳን ላይ ካረፈች በስታ ነው የምታልፈው።

ባሕር ዛፍም ቢሆን አመል አለው። ቅጠሉ ዘይት ስላለው ደረቁ ለማቀጣጠያ ግሩም ነው፣ ላምባ አያስፈልጋችሁም። ግን ቦግ ይላል። እፍኝ ይበቃል። እሳቱንም ዛፎቹ ሥር አታንድዱ፤ እዚያ መሬቱ ራሱ ቅጠልና ቅርፊት ነው። እኛ ከባለመሬቱ ጋር ተነጋግረን፣ ሣሩን በአካፋ ገፈን፣ ነፋሱ ከድንኳኖቹ ወደ እሳቱ በሚነፍስበት በኩል ነው የምናነደው። ስንተኛ ውሃ አፍስሰን፣ አመዱን አማስለን፣ እንደገና እናፈስሳለን። እጅ ሲያስጠጉት ካልቀዘቀዘ አልጠፋም።

ወደ ግቢዋ ልመለስና ቅሬታዬን ልጨርስ። ዋጋው ከመንገድ ዳሩ ይበልጣል። ስንት እንደሆነ አልጽፍም፣ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል። ደግሞ በምን መኪና እንደመጣችሁም ይታያል መሰለኝ፤ በሚኒባስ ስንሄድና የአንዱን ጓደኛችንን ፒካፕ ይዘን ስንሄድ የነገሩን አንድ አልነበረም። ሚዛኑ ግን ንጹሕ ነው። የኪሎው ቁጥር ፊት ለፊታችሁ ነው፣ ጭራሮው አይመዘንም። ጭራሮውን ካልጠየቃችሁ ግን አይሰጧችሁም።

ፍልጡ ረጅም ነው። አብዛኛው ደንበኛቸው የሠርግ ወጥ ቤት ስለሆነ ለትልቅ ብረት ድስት ነው የሚቆርጡት። ለካምፕ እሳት ይበዛል። "አሳጥሩልኝ" በሉ፣ ያለ ጭማሪ ያሳጥራሉ፤ ግን ከሰዓት በኋላ ፈላጮቹ ስለሚወጡ ጠዋት ሂዱ። ማድረሱን ተዉት። ዘጠኝ ሰዓት ይደርሳል የተባለው እንጨት የደረሰልን ሊመሽ ሲል ነው፤ ልጆቹ ብርድ ልብስ ተከናንበው ባዶውን የእሳት ቦታ ከበው ሲጠብቁ ነበር። ራሳችሁ ጫኑ። አንድ ኩንታል ፍልጥ የሚኒባስ የኋላ ወንበርን ሙሉ ይበላል፣ ሸራ ከሥር ካላነጠፋችሁ ደግሞ ሹፌሩ ይጣላችኋል።

ክፍያ በጥሬም በቴሌብርም ይሆናል። የመሥሪያ ቤት ጉዞ ከሆነ ደረሰኝ ስለሌላቸው ከገንዘብ ያዣችሁ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ከመስቀል በፊት ባለው ሳምንት ግን አትሂዱ። ግቢው በደመራና በችቦ ፈላጊ ስለሚጨናነቅ እማማ እንኳን ሊያማክሯችሁ ቀና ብለውም አያዩአችሁም።