ስታዲየም አካባቢ የገዛሁት የዓሣ ዘንግ

ማባበያ፣ ማለትም ሰው ሠራሽ ዓሣ፣ እየወረወሩ እየሳቡ እውነተኛውን ዓሣ ለማጥመድ የሚሆን ዘንግ ፍለጋ ሁለት ወር ፈጀብኝ። በመጨረሻ ስታዲየም ዙሪያ ካሉት የስፖርት ዕቃ ሱቆች ከአንዱ በ4,800 ብር ገዛሁ። አሜሪካኖች ባስ ለሚሉት ዓሣ የተሠራ ነው። እኔ ላንጋኖ ላይ ቢልጫ አጠምድበታለሁ።

ባለሱቁ መጀመሪያ ያወጣልኝ የካርቦን ዘንግ ነበር። ቀላል ነው፣ ያምራል፤ ዋጋው ግን እጥፍ። ደግሞም ለዚህ ሥራ በጣም ደረቅ ሆነብኝ። ዓሣ እየሄደ ያለ ማባበያ ሲያይ ተወርውሮ ነው የሚነክሰው። ዘንጉ ካልተለመጠለት ትንንሾቹ መንጠቆዎች አፉን ቀደው ይወጣሉ። የኔ ፋይበርግላስ እስከ ወገቡ ይለመጣል። ከበድ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ክንድ ያዝላል። ቢሆንም ከያዘ አይለቅም።

እጀታው አጠገብ ያለውን ጽሑፍ ሳታነቡ እንዳትገዙ። የሚወረውረው የማባበያ ክብደት እዚያ ላይ አለ። የኔ ከ7 እስከ 21 ግራም ይላል። ርዝመቱ 2.1 ሜትር ነው፤ ለሁለት ስለሚከፈል ሚኒባስ ውስጥ በጉልበቴ መሃል ይዤው እሳፈራለሁ።

አንድ ነገር አናዶኛል። ቤት ገብቼ ክሩ በሚያልፍባቸው የዘንጉ ቀለበቶች ውስጥ ጥጥ ሳዞር የጫፉ ቀለበት ጥጡን ጨምድዶ ያዘው። ስንጥቅ! እንዲህ ያለው ክር ይበላል። በማግስቱ ይዤው ስሄድ ባለሱቁ ሳይከራከር ቀየረልኝ። እናንተ ግን ጥጥ ይዛችሁ ሂዱ፣ እዚያው ሱቁ ውስጥ ፈትሹ።

ባለፈው ቅዳሜ ሦስት ቢልጫ አወጣሁበት። አንዱም አላመለጠኝም።