ኖች1 ወይስ ቲፒ53 የሚባለው ጂን መበላሸቱ፣ ምግብ ቧንቧ ላይ የትኛው ያሳስባል?
እኛ ጎጃም ሰው ምግብ አልወርድ ካላለው በስተቀር አይመረመርም፣ ካንሰሩ የሚጀምረው ግን ከዛ በጣም ቀደም ብሎ ጂን ላይ ነው። ሁለቱም ጂኖች ምግብ ቧንቧ ላይ ዕጢን ከሚገቱት የሚመደቡ ናቸው፣ ሲበላሹ ግን አንድ አይደሉም። የኖች1ኛው ይገርማል፣ በፈረንጆቹ 2018 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ዕድሜው በገፋ ጤነኛ ሰው ምግብ ቧንቧ ላይ ከካንሰሩ ይልቅ በብዛት ተበላሽቶ ይገኛል፣ ስለዚህ እሱ ብቻውን እኔን አያስደነግጠኝም። ቲፒ53 ነው ከባዱ! ዲኤንኤው የተጎዳ ሴል እንዳይባዛ የሚያቆመው እሱ ስለሆነ እሱ ሲበላሽ ሴሉ ጉዳቱን ይዞ ይባዛል፣ ብልሽቱ ጤነኛ ላይም በትንሹ አለ ግን ስኳመስ በሚባለው፣ ከቧንቧው የውስጥ ሽፋን ሴሎች በሚነሳው ካንሰር አብዛኛው ናሙና ላይ ተበላሽቶ ነው የሚገኘው። ባሬት (የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ እየተመለሰ የምግብ ቧንቧው ሽፋን ሲቀየር) ያለበት ሰው ላይም የቲፒ53 ብልሽት ሴሎቹ ክፉኛ መልካቸውን ሲቀይሩ ነው የሚበዛው፣ እና ከሞጣም ሆነ ከቡሬ ባህር ዳር ድረስ ለኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቱቦ ለሚደረግ ምርመራ) የተመላለሰ ሰው ባዮፕሲው (የተወሰደው ናሙና) ላይ የሴል ለውጥ ካለ ደረጃው ስንት እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቅ።