ጁስ በሚዛን የምትሠራው እህታችን፦ ምስጋና እና ጥቆማ

ሰላም ለሁላችሁ። ክብደት ለመቀነስ ደፋ ቀና የምትሉ፣ ፍራፍሬ መተው ግን ያቃታችሁ ሁሉ ይህን አንብቡ። መተውም የለባችሁም።

ምስጋናው ለአንዲት የጁስ ቤት ሠራተኛ ነው። ስሟን ያልጻፍነው ራሷ «ሥራዬን ነው የሠራሁት» ብላ ስለከለከለችን ነው። ቤቱ አዲስ አበባ ውስጥ ነው፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀን ሁሉ አቅጣጫውን እንልካለን። እኛ የአመጋገብ ምክር የምንሰጥ ባለሙያዎች ነን። ወረቀት ላይ ሠንጠረዥ እየሠራን ግማሽ ሰዓት የምንለፋበትን ነገር እሷ አንድ ብርጭቆ ሞልታ እስክታቀብል ድረስ ታስረዳዋለች። ሰውም ከእኛ ይልቅ እሷን ይሰማል፤ አልተቀየምንም።

ምስጋናው ትክክለኛ ቦታው ላይ እንዲያርፍ መጀመሪያ ሌላ ቦታ የሚሆነውን እንናገር። ስም አንጠራም፤ የሚመለከተው ራሱን ያውቃል። ደንበኛው «ያለ ስኳር» ብሎ ያዛል። አስተናጋጁም «እሺ» ይላል። ማንጎው ግን ጠዋት በትልቁ ጆግ ከስኳር ውሃ ጋር ተፈጭቶ ፍሪጅ ውስጥ ተቀምጧል! ያለ ስኳር የሚባለው ላዩ ላይ ተጨማሪ ስላልተነሰነሰ ነው። ሲጠየቁ «ኧረ ትንሽ ናት» ይላሉ። ትንሿ በጭልፋ ናት። አቮካዶ ሲታዘዝ ደግሞ ማንም ሳይጠይቅ ቀዩ ሽሮፕ በብርጭቆው ዙሪያ ይንቆረቆራል፤ ለማማር። «ማር አድርጉልኝ» የሚል ደንበኛ የተሻለ የመረጠ ይመስለዋል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ወደ 17 ግራም ስኳር አለው፣ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር ይበልጣል እንጂ አያንስም። ሰው በዚህ ሁኔታ ወር ሙሉ እንጀራውን ቀንሶ፣ ጠዋት ጠዋት ሮጦ፣ ሚዛኑ ንቅንቅ አልል ሲለው «ሰውነቴ ነው እንዲህ የተፈጠረው» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። በጣም የሚያናድደን ይሄ ነው። ሰውየው አልሰነፈም፤ ያልተነገረው ስኳር ነው የበላው።

አሁን ወደ እህታችን። ብሌንደሯ አጠገብ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሚዛን አለች። ማንጎውን ልጣ፣ ፍሬውን አውጥታ፣ ሥጋውን ብቻ ሚዛኑ ላይ ታስቀምጥና ቁጥሩን ወደ ደንበኛው ታዞራለች። «እዩት፣ 200 ግራም ነው፤ ይህ ብቻውን ወደ 27 ግራም ስኳር አለው።» ከዚያ የስኳሩን ዕቃ ታነሳና «ሌላው ቦታ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይገባበታል፤ ሌላ 24 ግራም ማለት ነው። ልጨምር?» ትላለች። ጨምሪ የሚል ሰው አለ፤ ትጨምርለታለች፣ አትቆጣም። አብዛኛው ግን ቁጥሩን ዓይኑ ካየ በኋላ «ተዪው» ይላል። በስኳሩ ፈንታ ግማሽ ሎሚ ትጨምቅበታለች፤ ኮምጠጥ ሲል የማንጎው ጣፋጭነት ጎልቶ ይወጣል። ጣፋጭ የለመደ ሰው ከሆነ ደግሞ በአንዴ አታስተወውም፤ ለአንድ ሳምንት ግማሹን፣ ለሚቀጥለው ሩቡን ታደርግለታለች።

27ና 24 ሲደመር 51 ግራም ነው። ይህ ምን ያህል ነው ለምትሉ፦ ባለ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ከ30 ግራም ትንሽ ቢበልጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የተጨመረ ስኳር፣ ማር፣ ሽሮፕና የጭማቂ ስኳር ተደምሮ ከቀኑ ካሎሪ ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ከ5 በመቶ እንዳያልፍ ይላል። ለመክሳት ብሎ በቀን 1,500 ካሎሪ ለሚበላ ሰው 10 በመቶው 37 ግራም ገደማ ነው። አንድ ብርጭቆ የማንጎ ጁስ ከነስኳሩ የቀኑን ጨርሶ አልፎ ሄደ። ልብ በሉ፣ በመመሪያው ሳይፈጭና ሳይጨመቅ የሚበላ ፍራፍሬ ስኳር እዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ለዚህ ነው እሷ ክብደት ለሚቀንስ ሰው መጀመሪያ «በሳህን ልቁረጥልዎ?» የምትለው፤ በዚያው ዋጋ። አንድ ብርጭቆ የብርቱካን ጭማቂ ለመሙላት ሦስት ብርቱካን ይሄዳል፣ በሁለት ደቂቃም ይጠጣል። ሦስት ብርቱካን ልጦ፣ አላምጦ የሚጨርስ ግን ጥቂት ነው፤ ሁለተኛው ላይ ሆድ «በቃኝ» ይላል። አሰሩ ወንፊት ላይ ሲቀር የሚቀረው ይሄ «በቃኝ» ነው።

ከሷ የቀዳናቸውን ቁጥሮች እዚህ እናስቀምጥ፤ ከምንሠራበት ሠንጠረዥ ጋር አመሳክረናቸዋል። ሁሉም ለ100 ግራም የተላጠ ሥጋ ነው። ማንጎ 14 ግራም ስኳር፣ ሙዝ 12፣ አናናስ 10፣ ብርቱካን ከ9 ትንሽ በለጥ፣ ዘይቱን 9፣ ፓፓያ 8፣ ሐብሐብ 6፣ እንጆሪ 5። አቮካዶ 1 እንኳ አይሞላም። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። «አቮካዶ ስኳር የለውም» ብሎ ሁለት ፍሬ ያስፈጫል፤ አቮካዶ በ100 ግራም 160 ካሎሪ ስላለው ሁለት መቶ ግራሙ 320 ካሎሪ ይሆናል፣ ያ ደግሞ ምሳ ነው። ስኳር ለሚቆጥር ሰው አቮካዶ ወዳጅ ነው፤ ካሎሪ ለሚቆጥር ሰው በግማሽ ፍሬ የሚቆም ወዳጅ ነው። እህታችን ይህን ለይታ ስለምታውቅ የመጀመሪያ ጥያቄዋ ሁልጊዜ «ስኳር አለብዎት ወይስ ክብደት ነው?» የሚል ነው። አንዳንድ የተማረ ሰው እንኳ ይህን ሳይጠይቅ ምክር ይሰጣል።

ስፕሪሷን ሳንጠቅስ ብንሄድ ግፍ ነው። በተለመደው ትልቅ ብርጭቆ አቮካዶ፣ ማንጎና ፓፓያ እኩል 120፣ 120 ግራም ቢገቡ፣ ስኳር ሳይነካው ከ300 ካሎሪ በላይና 27 ግራም ያህል ስኳር ይሆናል። የሷ «ቀጭን ስፕሪስ» (ስሙን ያወጣችው ራሷ ናት) በትንሹ ብርጭቆ ነው፦ ከታች ፓፓያ 120 ግራም፣ መሐል ማንጎ 60፣ ከላይ አቮካዶ 40። 150 ካሎሪ፣ 18 ግራም ስኳር። ቀለሙ ሳይደባለቅ ሦስት ረድፍ ሆኖ ይቆማል፤ ምክንያቱም ፓፓያውን ውሃ ሳትጨምር ወፍራም አድርጋ ትፈጨዋለች፣ አቮካዶውን ደግሞ በማንኪያ ጀርባ ቀስ አድርጋ ታሳርፈዋለች። ዓይን ይጠግባል። ያም ሆኖ በየቀኑ አይደለም። የብሪታንያ የጤና አገልግሎት ጭማቂም ሆነ በብሌንደር የተፈጨ ፍራፍሬ በቀን ከ150 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ ነው የሚመክረው። እሷም «በሳምንት ሁለቴ፣ እሱም በመክሰስ ፈንታ እንጂ በመክሰስ ላይ አይደለም» ትላለች። ገንዘብ የምታገኝበትን ዕቃ ቀንሱ የምትል ነጋዴ የት ታገኛላችሁ?

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን ግን አንድ ከሰዓት በኋላ የሆነው ነው። የስኳር መድኃኒታቸውን ውጠው ምሳ የዘለሉ አንድ አዛውንት ገብተው አቮካዶ አዘዙ። ግንባራቸው በላብ ወርዝቷል፣ ጣቶቻቸው ጠረጴዛው ላይ ይንቀጠቀጣሉ፣ ንግግራቸው ይጎተታል። አስተናጋጁ የደከማቸው መስሎት ውሃ ሊያመጣ ሄደ። እሷ ግን ከብሌንደሩ ኋላ ሆና አየቻቸውና የያዘችውን አቮካዶ አስቀመጠች። ሁለት ብርቱካን ጨምቃ፣ በወንፊት አጥልላ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር አማስላበት ይዛ ወጣች፤ ሌላውን ሁሉ ተዉት የምትለውን! «ጋሼ፣ አቮካዶው ይቆይ። መጀመሪያ ይህን ይጠጡልኝ» አለቻቸው፤ ብርጭቆውንም ከእጃቸው ጋር ይዛ አጠጣቻቸው። ከዚያ ሰዓቷን አይታ አጠገባቸው ተቀመጠች። 15 ደቂቃ ሳይሞላ ላባቸው ደረቀ፣ «ምን ሆኜ ነው?» ብለው ጠየቁ። ዳቦ አስበልታቸው፣ ልጃቸው መጥቶ ወደ ጤና ጣቢያ እስኪወስዳቸው ድረስ ሌላ ደንበኛ አላስተናገደችም።

ለምን ብርቱካን? ስኳር በወረደ ሰዓት የሚያስፈልገው ወደ 15 ግራም የሚጠጋ፣ ቶሎ ደም ውስጥ የሚገባ ስኳር ነው። አቮካዶው ስኳር የሌለው ከመሆኑም በላይ ስቡ የሌላውንም ስኳር መግባት ያዘገያል። ጭማቂውን ያጠለለችውም አሰሩ እንዳያዘገየው ነው። በ15 ደቂቃ ካልተሻለ ያንኑ መድገም፣ ከተሻለ ደግሞ ተመልሶ እንዳይወርድ ምግብ ማስበላት ነው። ሰውየው ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አይሰጥም፤ በቀጥታ ወደ ሐኪም። ይህን ሁሉ የት ተማርሽው ስትባል «እናቴ ስኳር አለባት» ብላ ወደ ብሌንደሯ ዞረች። በሌላው ቀን ስኳርን በግራም የምትቆጥር ሴት በዚያች ደቂቃ ስኳሩን አንስታ መጨመሯን ስናስበው አሁንም ይደንቀናል። እግዚአብሔር ይስጥልን።

አሁን ደግሞ ስለ ሁለት ዓይነት መካሪዎች ትንሽ እንማረር። አንደኛዎቹ «የ7 ቀን የጁስ ማጽጃ» እያሉ ይሸጣሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚወርደው ኪሎ በአብዛኛው ውሃ ነው፤ ጉበትና ጡንቻ ያጠራቀሙት ስኳር ሲያልቅ እያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይወጣል። እንጀራው ሲመለስ ውሃውም ተመልሶ ይመጣል። ሁለተኛዎቹ «ሙዝ መርዝ ነው፣ ፍራፍሬ ማታ ያወፍራል» ባዮች ናቸው። የሚያወፍረው የቀኑ ድምር ነው፣ ሰዓቱ አይደለም። ሙዙም ቢሆን መካከለኛው 14 ግራም ያህል ስኳር ነው ያለው። ጫፉ አረንጓዴ የሆነው ገና ያልተለወጠ ስታርች ስላለው ስኳሩ ያንሳል፤ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣው ስታርቹ ወደ ስኳር ተለውጧል። ስለዚህ የአርባ ምንጭ ሙዝ ስትገዙ ጫፉን እዩና ለሁለት ቀን የሚበቃችሁን ብቻ ውሰዱ። በእጅ ሙሉ ገዝቶ «ሳይበላሽ ልጨርሰው» ማለት ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ነው።

እህታችን ለደንበኞቿ የምትነግረው የቀኑ ፍራፍሬ አከፋፈል ከኛ አይለይም፦ በቀን ሁለት ጊዜ፣ እያንዳንዱ ጭብጥ የሚያህል፣ ከ10 እስከ 15 ግራም ስኳር። አንዱ ከቁርስ ጋር፣ አንዱ 10 ሰዓት ላይ፣ ረሃብ ምሽቱን ይዞ ከመምጣቱ በፊት። ከአንድ ብርቱካን ጎን 20 ግራም ለውዝ (ትንሽ እፍኝ ናት) ቢኖር ሆድ ይይዛል። ጾመኞች በተለይ ተጠንቀቁ፤ እስከ 9 ሰዓት ቆይቶ በባዶ ሆድ ትልቅ ብርጭቆ ጁስ መጨለጥ የጾም ወራት የክብደት ምንጭ ነው፤ መጀመሪያ ሽሮውን ወይም ምስሩን፣ ፍራፍሬውን ከኋላ። በረመዳንም በቴምር ማፍጠር ሱና ነው፣ ሳህን ሙሉ መጨረስ ግን አይደለም፤ ትልቁ ዓይነት ቴምር አንዱ ብቻ 16 ግራም ስኳር ይዟል።

ሌላ ጁስ ቤት ለመግባት የተገደዳችሁ እንደሆነ «ያለ ስኳር» አትበሉ። «ከፊቴ ላጡት፣ ከፊቴ ፍጩት፣ በንጹሕ ውሃ» በሉ። ጆጉ ከፍሪጅ ከወጣ ክፍያ ሳትከፍሉ ውጡ።

ከቻላችሁ ግን ወደ እሷ ሂዱ። በእውነት ሂዱ። «ቀጭን ስፕሪስ» ብላችሁ እዘዙ፤ ወይም የተቆረጠ ዘይቱን ከነልጣጩ፣ ሎሚና ትንሽ ሚጥሚጣ ነስንሳበት ታመጣላችኋለች፤ ከላይ ስኳራቸውን ከዘረዘርናቸው ጣፋጭ ፍራፍሬዎች በአሰር የሚስተካከለው የለም። እሑድ ዝግ ናት። ዘይቱኑ ከ9 ሰዓት በኋላ ስለሚያልቅ ቀደም ብላችሁ ድረሱ።