ዊንዶውስ 11 በኮፒ ቤቴ፦ ከሰባት ወር አገልግሎት በኋላ

ጅማ ዩኒቨርሲቲ አቅራቢያ የጽሕፈትና የኮፒ አገልግሎት እሰጣለሁ። አንድ ላፕቶፕ፣ ሁለት አሮጌ ኮምፒውተሮች፣ አንድ ማተሚያና አንድ የዋይፋይ ራውተር አሉኝ፤ እንጀራዬ በእነዚህ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ሲያበቃ፣ ደንበኞች ኢሜይላቸውንና የባንክ ሒሳባቸውን በሚከፍቱበት ማሽን ላይ የደኅንነት ጥገና የማይደርሰው ስርዓት ማቆየት አልፈለግሁም። በዚያው ወር ላፕቶፑን ወደ ዊንዶውስ 11 አሳደግሁት። ስለ ፍጥነቱና ስለ መልኩ ብዙ አልልም፤ ፈጣን ነው፣ መልኩንም በሳምንት ለመድኩት። መናገር የምፈልገው ስለ ኔትወርኩ ነው።

ዕድሳቱ ባለቀ ማግሥት ጠዋት አንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን ለአማካሪዋ ልትልክ መጣች። ላፕቶፑን ስከፍት ከታች በቀኝ በኩል የዋይፋዩ ምልክት የለም፤ በቦታው መከልከያ ያለባት ትንሽ ሉል ተቀምጣለች። «ጋሼ፣ እስከ ስድስት ሰዓት ካልደረሰው አይቀበለኝም» አለችኝ። እኔም ሁላችንም የምንለውን አልኳት፦ መስመር የለም፣ ትንሽ እንጠብቅ። አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቅን። ልጅቱ ፍላሿን በጣቶቿ እያገላበጠች ሰዓቷን ታያለች። በመጨረሻ ጥግ ላይ ካለው አሮጌ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ፣ በዚያው ዋይፋይ፣ በሁለት ደቂቃ ላከችው። ስንጠብቀው የነበረው መስመር አልጠፋም ነበር።

ያቺ አንድ ሰዓት እስከ ዛሬ ትቆጨኛለች። ዝናቡ ሲከብድና መብራት ሲሄድ ሲመጣ በመስመር ማሳበብ ልማዳችን ሆኗል፤ ብዙ ጊዜ እውነት ስለሚሆንም ሌላውን ምክንያት ይሸፍንብናል። አሁን መጀመሪያ የማደርገው ስልኬን ከዚያው ራውተር ጋር አገናኝቶ አንድ ገጽ መክፈት ነው። ሞባይል ዳታው መጥፋት አለበት፤ አለዚያ ስልኩ በራሱ መስመር ከፍቶ ያሳስታል። ገጹ ከተከፈተ ራውተሩም መስመሩም ደኅና ናቸው፣ ችግሩ ያለው ላፕቶፑ ውስጥ ነው።

የእኔው ችግር ድራይቨሩ ላይ ነበር። ድራይቨር ስርዓቱ ከዋይፋይ ካርዱ ጋር የሚነጋገርበት ፕሮግራም ነው፤ ለቀድሞው ስርዓት የተዘጋጀው ድራይቨር በዕድሳቱ ጊዜ አብሮ ተሻግሯል። የኮምፒውተሩ ክፍሎች በሚዘረዘሩበት «ዲቫይስ ማናጀር» ውስጥ በካርዱ ስም ላይ ቢጫ የማስጠንቀቂያ ምልክት ይታይ ነበር። እኔ ግን ያንን ከማየቴ በፊት በወዳጅ ምክር «ኔትወርክ ሪሴት» የሚለውን ተጫንኩ። ይህ ትእዛዝ የኔትወርክ ካርዶቹን ሁሉ አንሥቶ እንደገና ይጭናል፣ የተቀመጡ የዋይፋይ የይለፍ ቃሎችንም ያጠፋል። የጎደለውን ድራይቨር ግን ከየትም አያመጣም። የመጨረሻ እርምጃ መሆን የነበረበትን የመጀመሪያ አደረግሁት።

አዲሱን ድራይቨር ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ኢንተርኔቱ ደግሞ ያለ ድራይቨሩ አይመጣም። መውጫው ስልክ ነው። አንድሮይድ ስልኬን በቻርጀሩ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አያይዤ የስልኩን ኢንተርኔት በገመድ የሚያጋራውን «ዩኤስቢ ቴተሪንግ» አበራሁ፤ ላፕቶፑ ሌላ ምንም ሳይጫንበት ተቀበለው። ታዲያ ላፕቶፑ የስልኩን መስመር እንደ ማንኛውም የኬብል መስመር ስለሚቆጥረው ያደሩ ዕድሳቶችን ሁሉ በዚያው ማውረድ ጀመረ፤ የሳምንት ጥቅሌ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አለቀ። በሁለተኛው ጥቅል ግን አስቀድሜ በኔትወርኩ ገጽ ላይ ዳታ እንዲቆጠብ የሚያደርገውን «ሚተርድ ኮኔክሽን» አበራሁ። ከዚያ በላፕቶፑ ሆድ ላይ የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር ይዤ ከአምራቹ ገጽ ድራይቨሩን አወረድኩ። ዋይፋዩ ተመለሰ።

ዋይፋዩ ተመለሰ፣ ማተሚያው ግን ጠፋ! ማተሚያዬ በገመድ የተያያዘው ከላፕቶፑ ጋር ነው፤ ሁለቱ ኮምፒውተሮች የሚያትሙት በእርሱ በኩል ነው። ሁለት ቀን ገመድ ስነቅል፣ ማተሚያ ሳጠፋና ሳበራ ዋልኩ። ለካ ከሪሴቱ በኋላ የቤቴ ዋይፋይ «ፐብሊክ» ተብሎ ተመዝግቧል። ላፕቶፑ በሆቴል ወይም በካፌ እንዳለ ቆጥሮ ራሱን ከጎረቤት ኮምፒውተሮች ይሰውራል ማለት ነው። «ፕራይቬት» ወደሚለው ስቀይረው በዚያችው ቅጽበት ወረፋ የያዙት ወረቀቶች እየተከታተሉ ይወጡ ጀመር። በአሮጌው ኮምፒውተር ላይ ያለው፣ ፋይል የምንጋራበት ማኅደር ከላፕቶፑ አልከፈት ብሎ የቆየበት ምክንያት ሌላ ነው፦ የዊንዶውስ 11 ፕሮ 24ኤች2 የሚባለው እትም ያለ ስምና ያለ ይለፍ ቃል ወደ ሌላ ኮምፒውተር ማኅደር በእንግድነት መግባትን ከልክሏል። ክልከላውን አልተቃወምኩም፤ በአሮጌው ኮምፒውተር ላይ የይለፍ ቃል ያለው ተጠቃሚ ከፍቼ ተገላገልኩ።

ወደ ቀድሞው ስርዓት ለመመለስ የሚሰጠው ጊዜ 10 ቀን ነው። በዘጠነኛው ቀን ማታ የመመለሻውን ገጽ ከፍቼ ብዙ አሰብኩ። ሁሉም ይሠራ ስለነበር ዘጋሁት፤ ደግ አደረግሁ።

ከዚያ ወዲህ የቀሩት ሁለት ነገሮች ናቸው። ላፕቶፑ ተዘግቶ ሲከፈት ዋይፋዩ ይቋረጥ ነበር፤ በካርዱ የኃይል አያያዝ ገጽ ላይ ኮምፒውተሩ ካርዱን ለቁጠባ እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት ሳነሣ ቆመ። ሁለተኛው ከመብራት ጋር የተያያዘ ነው። መብራት ሲሄድ ራውተሩ ይጠፋል፣ ላፕቶፑ በባትሪው ይቆያል። መብራት ሲመለስ ራውተሩ ገና ሳይደላደል ላፕቶፑ በኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበትን የቁጥር አድራሻ ይጠይቃል፤ መልስ ካጣ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ለራሱ ይሰጣል፣ በዚያ አድራሻ ደግሞ ኢንተርኔት አይገባም። ይህን ቁጥር ሳይ ጥቂት ደቂቃ ታግሼ ዋይፋዩን አጥፍቼ አበራዋለሁ፤ ይበቃል። በክረምት መግቢያ በዚህ ሰሞን በቀን ሁለት ጊዜም ይገጥመኛል።

ሁለቱ አሮጌ ኮምፒውተሮች ፕሮሰሰራቸው ለዊንዶውስ 11 ስለማይበቃ በቀድሞው ስርዓት ላይ ናቸው፤ ዛሬ ለመጻፍና ለማተም ብቻ እንጂ ባንክም ኢሜይልም አይከፈትባቸውም። ላፕቶፑን ግን ለማንም ደንበኛ በሙሉ ልብ አስረክባለሁ።

የዋይፋዩን ድራይቨር በፍላሽ ገልብጬ መሳቢያ ውስጥ ከስቴፕለሩ አጠገብ አስቀምጫለሁ። ባለፈው ሳምንት ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ኮፒ ቤት ያለው ወዳጄ ሊያሳድግ ነውና ፍላሹን አውሰኝ አለኝ። የእኔ ለእርሱ ማሽን እንደማይሆን ነግሬው፣ ላፕቶፑን ገልብጠን የሞዴል ቁጥሩን በስልክ ብርሃን አነበብን፤ የራሱንም ድራይቨር ማሳደጉን ሳይጀምር አወረድንለት።