ዶሬ የሣለው «ዘ ሬቨን»

ይህ መጽሐፍ ጠረጴዛ ይፈልጋል። ኒውዮርክ ውስጥ ሃርፐር ኤንድ ብራዘርስ እ.ኤ.አ. በ1884 ያሳተመው፣ ፈረንሳዊው ሠዓሊ ጉስታቭ ዶሬ የሣለው የአሜሪካዊው ገጣሚ የኤድጋር አለን ፖ ግጥም፣ «ዘ ሬቨን» (ቁራው) ነው። ቁመቱ ወደ 47 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ጭን ላይ አስቀምጬ ላንብበው ካሉ ጥራዙም ይጎዳል፣ ክንድም ይዝላል። እጅን ታጥቦ በደንብ ማድረቅ፣ መብራቱን ወደ ጎን ማዞር፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መግለጥ ነው።

ግጥሙን የማያውቅ ካለ ባጭሩ ልንገረው። ሌኖር የምትባል ፍቅረኛው የሞተችበት ሰው በታኅሣሥ እኩለ ሌሊት ብቻውን ተቀምጧል። ቁራ በመስኮት ይገባል፤ ከበሩ በላይ ባለው ሐውልት ላይ ያርፋል። ሰውየው የፈለገውን ቢጠይቀው መልሱ አንድ ነው፤ ከእንግዲህ ወዲያ የለም። እኛ የቁራ መልክተኛ የምንለው ሄዶ የቀረውን ነው። ይሄኛው መጥቶ የቀረ ነው።

እኔ የምተዳደረው በሕትመት ሥራ ስለሆነ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ቀለሙ ነው። የዚህ መጽሐፍ ጥቁር ሌላ ነው። ዶሬ ሥዕሎቹን ሠራ እንጂ እንጨት ላይ የቀረጻቸው እሱ አይደለም። አሜሪካ የነበሩ ባለሙያ ቀራጮች ናቸው፤ መጽሐፉም ከእያንዳንዱ ሥዕል ጋር የቀራጩን ስም ይዘረዝራል። አሠራሩ እንዲህ ነው። በመቅረጫው የተነሣው የእንጨቱ ክፍል ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ያልተነካው ቀለም ይይዛል። ስለዚህ ግራጫ የሚባል ቀለም እዚህ የለም። መጋረጃው፣ ጭሱ፣ የሌኖር ቀሚስ፣ ሁሉም ጥቁር ላይ የተሰመሩ ቀጫጭን ነጭ መስመሮች ናቸው። አንዱ መስመር ከተሳሳተ መመለሻ የለውም። እነዚህ ሰዎች ከዶሬ እኩል ሊመሰገኑ ይገባል።

ከሁሉም የሚይዘኝ በግጥሙ መዝጊያ ስንኝ ላይ የተሠራው ሥዕል ነው። ሰውየው ወለሉ ላይ ተዘርግቷል፣ ጥላው ውጦታል። በማጉያ መነጽር ስመለከተው ጥላው ድፍን ጥቁር አይደለም። ውስጡ መስመር ሞልቶታል፣ ፀጉር የሚያካክሉ። ብርሃኑ ወደሚያልቅበት ጠርዝ ሲጠጉ እየሳሱ፣ እየሳሱ ሄደው ድንገት ይጠፋሉ። የሰውየው ልብስ የቱ ጋ አልቆ ወለሉ የቱ ጋ እንደሚጀምር ለማወቅ ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል። የመጽሐፉ መጠን ዋጋ የሚኖረው እዚህ ላይ ነው። እየተቀነሱ በሚታተሙት ርካሽ ቅጂዎች ላይ መስመሮቹ እርስ በርስ ይጣበቁና ጥላው ጭቃ ይሆናል። ዶሬን በትንሽ ቅጂ አይቶ «ይሄ ምኑ ይደነቃል?» ላለ ሰው አልፈርድበትም፣ ያየው ሥራውን አይደለምና።

ሥዕሎቹ ሁሉ ግን እኩል አይደሉም። መላእክቱ በዙብኝ። ፖ ሌኖርን አንዴም ፊት ለፊት አያሳየንም፤ ስሟን ብቻ ይጠራል፣ ሕመሙም ያለው እዚያ ነው። ዶሬ ደግሞ ደጋግሞ ያመጣታል። መላእክት ወደ ሰማይ ሲወስዷት የሚያሳየው ሥዕል ውብ ነው፣ ግን የግጥሙን ጨለማ ያለዝበዋል። ቁራው ራሱ በብዙዎቹ ሥዕሎች ላይ የለም። መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር፤ አሁን ግን ልክ ነበር እላለሁ። ዶሬ የተከተለው ወፉን ሳይሆን ሐዘኑን ነው። የመጨረሻ ሥራዎቹ ከሚባሉት አንዱ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1883 በ51 ዓመቱ ሞተ፣ መጽሐፉ ታትሞ ሳያይ።

መግቢያውን የጻፈው ኤድመንድ ክላረንስ ስቴድማን ነው። ረጅም ነው፣ ቢዘለልም ብዙ አይጎድልም። ግጥሙ ከሥዕሎቹ ቀድሞ ሙሉውን መታተሙን ግን ወድጄዋለሁ። 18ቱን አንጓዎች ጮክ ብሎ አንብቦ፣ ከዚያ ሥዕሎቹን ዝም ብሎ ማየት ይቻላል።

ለመግዛት ላሰበ አንድ ነገር። ሻጬ «ይዞታው በጣም ጥሩ ነው» ብሎኝ ሲደርሰኝ ሽፋኑና ጥራዙ የሚገናኙበት መታጠፊያ ተሰንጥቆ፣ ወረቀቱም ቡናማ ነጠብጣብ አውጥቶ ነበር። ተናድጃለሁ፣ አልደብቅም። ግን ይህ ሁሉ ይጠገናል ወይም ይታለፋል። የማይታለፈው የጎደለ ሥዕል ነው። እንዲህ ያሉ መጻሕፍትን ገነጣጥለው ሥዕሎቹን በፍሬም የሚሸጡ አሉ። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የሥዕሎቹን ዝርዝር ፎቶ ያስልኩና 26ቱም መኖራቸውን አንድ በአንድ ያመሳክሩ። ሽፋኑ የተጎሳቆለ፣ ሥዕሉ የተሟላ ቅጂ ካገኙ ሳያቅማሙ ይውሰዱት።